ሰልፍ ባለበት ዓመት የተገዛ ወፍጮ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ አንድ ወጣት ከመቀመጫው ተነሥቶ «ጸልዩልኝ» አለ። የምንኖረው በአውስትራሊያ ምዕራብ፣ ከብረት ማዕድን በስተቀር ይህ ነው የሚባል ሥራ በሌላት፣ በቀይ አፈር ላይ በተቀመጠች ከተማ ነው። ዘንድሮ የብረቱ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ልጁ ያለውን ሁሉ አሟጥጦ፣ ቤቱንም አስይዞ፣ ጎጆ የሚያክል መቆፈሪያ ማሽን ሊገዛ ነው። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ። ከዚያ አፌ አላርፍ ብሎ፣

«ልጄ፣ ሥራው ሲቀዘቅዝ ማሽኑ የት ይውላል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ኧረ እማማ! ይሄ ሥራ መቼ ይቀዘቅዛልና!» ብሎ ሳቀ። አዳራሹም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩና ሻዬን ይዤ ወደ ጥግ ሄድኩ። ፈሪ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ልጆቼም ይሉኛል። አይፈረድባቸውም፤ አሬሮን አያውቋትም።

ያደግኩት ነገሌ ቦረና ነው። አባቴ በጦር ሰፈሩ የመኪና መካኒክ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነና አባቴ ከደመወዙ ጋር ተለያየ፤ የቀረችው ማዕረጉ ብቻ ነበረች። ከተማው እስከ ዛሬ «ሃምሳ አለቃ» ነው የሚለው። እናቴ የአንገቷን ወርቅ ሸጠችለትና አንድ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ከነወፍጮው ገዛ። እጁ ብረት ያውቃል። ያ ሞተር ከመቃብር ተነሥቶ እንደ ወጠጤ ይዘል ጀመር።

በቆላው አገር ወፍጮ ማለት ምን እንደሆነ ግን ላስረዳ። ደጋ ላይ ሰው ዓመቱን ሙሉ እህል ይበላል፣ ወፍጮውም ዓመቱን ሙሉ ይፈጫል። ቦረና ከብት አርቢ ነው። ዝናብ በጣለ ዓመት ላሙ ይታለባል፣ ሕፃን ሽማግሌው ወተት ጠጥቶ ያድራል፤ ወፍጮ ቤት ዝር የሚል የለም። ዝናቡ ሲቀር ላሚቱ ትነጥፋለች። ያን ጊዜ ከብት ተሽጦ በቆሎ ይሸመታል፣ የእርዳታ ስንዴ ይመጣል፣ የወፍጮው ደጅ በሰልፍ ይጨናነቃል። እንግዲህ እኛ የምንበላው ሌላው ሲቸግረው ነበር ማለት ነው። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የድርቅ ምሕላ ሲታወጅ ከፊት ቆሞ የሚያለቅሰው እሱ ነበር። የአባቴ እኅት እትዬ አስካለ፣ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ የሆነች መበለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁሌም አትምረውም፦

«ወንድሜ በአንድ አፉ ዝናብ ይለምናል፣ በሌላው ናፍጣ ያዝዛል። እግዜርም የትኛውን ይስማ?»

አንድ ዓመት ድርቁ ጠና። ከነገሌ ዙሪያ የመጣው ሕዝብ ጆንያውን ተሸክሞ ወፍጯችን ደጅ ፀሐይ ላይ ይውል ነበር። የተቃጠለ ናፍጣና የትኩስ ዱቄት ሽታ ተቀላቅሎ ልብሳችን ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ ቅዳሴ ላይ እንኳ አጠገቤ የሚቆሙት ሴቶች ያሸቱኛል። አባቴ ያንን ሰልፍ ዓይቶ ዓይኑ በራ። ሁለተኛ ወፍጮ ገዝቶ ከዳዋ ወንዝ ማዶ፣ አሬሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ሊተክል ቆረጠ። እናቴ «አንዱ ይበቃናል» አለች። እሱ ግን፣

«ላም ትሞታለች፤ ወፍጮ አይሞትም» አላት። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ዛሬ ሳስበው፣ ስሕተቱ ያኔውኑ ፊታችን ቆሞ ነበር። ሰልፍ ባለበት ዓመት ሞተር የሚፈልገው አባቴ ብቻ አልነበረም፤ ሻጩም ይህንን ያውቃል። «ነገ ይጨምራል» እያለ በወርቅ ዋጋ ሸጠለት። የነገሌው ወፍጮ ያመጣው ትርፍ ሁሉ፣ ለቤታችን ጣራ የተቀመጠውም ጭምር፣ በአንድ የጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ወደ አሬሮ ወረደ። በዚያው መኪና ላይ እኔም ተጫንኩ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ አዋሳ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብተሻል ተብዬ ነበር። አባቴ ግን ለባዕድ ሰው ወፍጮ አደራ አይሰጥም። «ፅጌ፣ አንድ ዓመት ብቻ» አለኝ። በእኛ ቤት ልጅ ከአባቷ ጋር አትከራከርም። እትዬ አስካለ ለጠባቂነት አብራኝ ተላከች። ዳዋን ተሻግረን፣ በግራር መሐል፣ በዚያ አጥንት በሚያላቅቅ መንገድ ስንወርድ፣ እትዬ ከሞተሩ ጎን ጆንያ ላይ ተቀምጣ «ሙሽራዋ እሱ ነው፣ እኛ ሚዜ ነን» እያለች ታስቀኝ ነበር።

አሬሮ ያን ጊዜ አንድ ሰፊ አቧራማ መንገድና ግራና ቀኝ የቆርቆሮ ቤቶች ነበረች። ወፍጮ ቤታችን ከእነ አዴ ሐቢባ ሱቅ አጠገብ ነበር። አዴ ሐቢባና ባለቤቷ ሐጂ ኑር ስኳር፣ ጨርቅ፣ ባትሪ ይሸጣሉ፤ ከብትም ይነግዳሉ። አዴ ሐቢባ አማርኛና ኦሮምኛን በአንድ ትንፋሽ የምትቀላቅል፣ በመጣን ዕለት «አካም? ናጋ? ግቡ እንጂ፣ ፀሐይ እንግዳ አይደለችም፣ አትሸኟት!» ብላ ጥላ ሥር ያስቀመጠችን ሴት ናት። የመጀመሪያዎቹ ወራት ወፍጮው ጥዋት ተነሥቶ እስኪመሽ አያርፍም። አባቴ መጥቶ ሰልፉን ዓይቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ «አላልኩም?» ብሎ ሄደ።

ከዚያ በልጉ ገባ። የአሬሮ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ ይሸታል፤ የተቃጠለ አፈር ውኃ ሲነካው የሚሰጠው ሽታ ማንንም ያስለቅሳል። ሰው ሁሉ ውጭ ወጥቶ ፊቱን ወደ ሰማይ አደረገ። እትዬም ነጠላዋን ጥላ ደጅ ቆማ ታጠበች። በጥቂት ሳምንታት ምድሩ አረንጓዴ ሆነ፣ ከብቱ ወለደ፣ ሰልፉ እንደ ጉም ተነነ። አንድ ጥዋት ሞተሩን አስነሥቼ ጠበቅኩ፤ አንድም ሰው አልመጣም። አጠፋሁት። በነጋታውም እንዲሁ። ዳዋ ሞላ፣ ጭቃው መኪና አላስጠጋ አለ፣ ከነገሌ የሚመጣ መልእክትም ተቋረጠ።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። አገሬው መልካም ሕዝብ ነውና ሥራ እንደሌለን ዓይቶ ወተት ያመጣልናል። በየቀኑ አንዲት ሴት ጮጮዋን ይዛ፣ በጢስ የታጠነ፣ አረፋው የሚገነፍል ወተት ደጃችን ላይ ታስቀምጣለች። እኛ ደግሞ ጾመኞች! ምሥጋና አቅርበን፣ ወተቱን ለአዴ ሐቢባ የልጅ ልጆች ሰጥተን፣ በሶአችንን በጥብጠን እንጠጣለን።

«እግዜር ሰውን በረሃብ ይፈትናል ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለች እትዬ። «በጥጋብ የሚፈትን መሆኑን አሬሮ ነው ያሳየኝ።»

ሣቅኩና ወደ ወፍጮዬ ተመለስኩ። ወፍጮ ሥራ ሲያቆም አይተኛም። ቺንጋው፣ ድንጋዩን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ በቁሙ ይሰነጠቃል፣ አይጥ ጆንያ ይበላል፣ ብረቱ ዝገት ያነሣል። ጥዋት ጥዋት ሞተሩን መወልወል ነበረብኝ። ዕድሜዬን የሰጠሁት ለአንድ ምንም ለማይሠራ ብረት ዘበኛ ለመሆን ነው? ጓደኞቼ አዋሳ ሐይቅ ዳር እያጠኑ እኔ የማይዞር ድንጋይ እጠብቃለሁ። ይባስ ብሎ፣ ለመውጣት ብመኝ ምን ብዬ እንደምጸልይ ግራ ገባኝ። ዝናቡ ይቁም ልበል? ያንን ወተት ያመጣችልኝን ሴት ዓይኗን እንዴት ዓይቼ? ከዚያን ዕለት ጀምሮ ስለ ዝናብ መጸለይ ትቼ «አንተ ታውቃለህ» ብቻ ማለት ያዝኩ።

በዚያው ሰሞን ኦቦ ጋልጋሎ የሚባሉ የአካባቢው ሽማግሌ ከሰዎቻቸው ጋር መቆፈሪያ ተሸክመው በደጃችን አለፉ። ኤላ የሚሉት፣ ወደ ታች በሰው ቅብብል ውኃ የሚቀዳበት ጥልቅ ጉድጓድ ተንዶባቸው ሊጠርጉ ነበር። እንደ ሥራ ፈት ሰው ጠየቅኋቸው፦

«ኦቦ ጋልጋሎ፣ ውኃ በየሜዳው ተኝቶ ጉድጓድ ምን ያደርግላችኋል?»

«ድርቅ ሲመጣ ማን ይቆፍራል፣ ኢንታላ ኮ?» አሉኝ። ኢንታላ ኮ «ልጄ» ማለት ነው። «ያን ጊዜ ሰው ከስቷል። ለቆፋሪ ወይፈን ይታረዳል፣ ወተት ይቀርባል፤ ይህ ሁሉ ያለው ዛሬ ነው። አንቺ ዓመት ትቆጥሪያለሽ፤ እኛ ጋዳ እንቆጥራለን። ጋዳ ስምንት ዓመት ነው። በውስጡ ጥጋብም አለ፣ ረሃብም አለ። አንዱን ብቻ ያየ ምንም አላየም።»

ሄዱ። እኔ ግን የቆመው ወፍጮ አጠገብ ተቀምጬ ያንን ነገር ማላመጥ ጀመርኩ። አባቴ ወፍጮውን የመዘነው በሰልፉ ዓመት ነው። ስምንቱን ዓመት አንድ ላይ ብንመዝነውስ? የሰልፉ ዓመት የሚሰጠው የጥጋቡ ዓመት እስኪያልፍ ያቆየናል እንጂ ሌላ ወፍጮ አይገዛም። እኛ ግን የክፉውን ቀን ስንቅ ብረት አደረግነው። ሁለተኛው ወፍጮ ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር የሚነሣ፣ ከመጀመሪያው ጋር የሚተኛ ነው። በነገሌ ሲዘንብ በአሬሮም ይዘንባል።

ዳዋ ሲጎድል አባቴ መጣ። ሞተሩን ዳሰሰ፣ «ጥሩ ይዘሽዋል» አለኝ። ፈራ ተባ እያልኩ፣

«አባዬ፣ ብንሸጠውስ?» አልኩት።

«አሁን? በጥጋብ ዓመት ወፍጮ የሚገዛ ሰው ዓይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ድርቅ ሲመጣስ?»

«ድርቅ ሲመጣማ ለምን እንሸጠዋለን!» ብሎ በመገረም አየኝ።

ያን ጊዜ ነው ያለሁበት ቤት በር እንደሌለው የገባኝ። ሲዘንብ ገዢ የለም፤ ሳይዘንብ ሻጭ የለም። «አንድ ዓመት ብቻ» ያለኝንም ረስቶት አልነበረም፤ ዓይኔን ሳያይ ተሰናበተኝ። መኪናው ላይ ወጣ። እትዬ አቧራው እስኪጠፋ ቆማ ዓይታ፣ «ወንድሜን ጦርነት እንኳ አልማረከውም ነበር» አለች።

ሌላም የዝናብ ወራት አለፈ። ከዚያ ሰማዩ ጠራና ጠርቶ ቀረ። የሚጠበቀው ዝናብ ሳይመጣ ላሞቹ መንጠፍ ጀመሩ፣ ሰልፉም ተመለሰ። ሥራው በዝቶ እጄ እስኪላጥ እየሠራሁ ሳለ አዴ ሐቢባ መጥታ ከዱቄቱ ማዶ ጠራችኝ።

«ስሚ፣ ስለምወድሽ ነው የምነግርሽ። ሐጂ ወፍጮ ሊገዛ ነው። አባትሽ የእናንተን ቢሸጡለት ይሻላል። እንቢ ካሉ አዲስ ያስመጣል፣ ከጎናችሁ ይተክላል። ሌሎች ሁለት ሰዎችም እያሰቡ ነው፤ ሰልፉን ያየ ሁሉ ወፍጮ ወፍጮ ይላል።»

«ታዲያ እናንተንስ አያከስራችሁም?» አልኳት፤ ስለ ገንዘቧ አዝኜላት።

«እኛን? እኛ በዝናብ ከብትና ቅቤ እንነግዳለን። ከብቱ ሲሞት ወፍጮው ይነሣል። ወፍጮው ሲተኛ ቤቱ የስኳር መጋዘን ይሆናል። የትም አንሄድ፣ አገራችን ነው። እናንተ ግን ሁለት ወፍጮ አላችሁ፣ ሁለቱም አንድ እግር ናቸው። በአንድ እግር እስከ መቼ ትቆማላችሁ?»

አንድ ዕቃ ለአንዱ ሀብት፣ ለሌላው እስር ቤት ሊሆን እንደሚችል የተማርኩት ከእሷ ነው። ግን ይህን ለአባቴ ማን ይንገረው? እኔ ልጅ ነኝ፤ እትዬን ቀልደኛ ናት ብሎ አይሰማትም። መላውን ያመጣችው ግን እትዬ ናት።

«ሽማግሌ ላኪበት» አለችኝ።

«ልጅ በአባቷ ላይ ሽማግሌ?»

«ታዲያ አባት ከሽማግሌ ሌላ ማንን ይፈራል?»

አባቴ ሰልፉን ሊያይ በመጣ ጊዜ፣ ሐጂ ኑርና ኦቦ ጋልጋሎ ልብሳቸውን ቀይረው፣ በትራቸውን ይዘው ወፍጮ ቤቱ ደጅ መጥተው ቆሙ። እትዬ ነጠላዋን አጣፍታ «ሦስተኛዋ ሽማግሌ እኔ ነኝ» ብላ ከጎናቸው ተሰለፈች። አባቴ ሲያያቸው ደነገጠ። እጁን ከቅባቱ ጠርጎ፣ አግዳሚውን አራግፎ፣ ቀና ብሎ ተቀመጠ። እኔ ከሞተሩ ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። ገና ሐጂ አፋቸውን ሳይከፍቱ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሐጂ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ልጅዎም ጨዋ ልጅ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ግን ሃይማኖታችን ይለያያል፣ እንዳይቀየሙኝ። ልጄን አልሰጥም።»

ሐጂ ኑር ወደ ኦቦ ጋልጋሎ ዞሩ፤ ኦቦ ጋልጋሎ ወደ እትዬ ዞሩ። እትዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«የምን ልጅ፣ ሃምሳ አለቃ?» አሉ ሐጂ። «የእኔ ልጆች ሁሉ አግብተዋል! የመጣነው ወፍጮውን ልንጠይቅ ነው። ልጅቷንማ ይዘዋት ይሂዱ!»

ሰልፍ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ሊስቅ ከጀለው፤ ግን ነገሩ ሲገባው ፊቱ ጠቆረ።

«ወፍጮውን? ይህ ሁሉ ሰው ቆሞ እያዩ?»

ኦቦ ጋልጋሎ እንደ አገሬው ልማድ ሁሉን ሰው አንተ ነው የሚሉት። «አባ ወፍጮ፣ ስማኝ። የእኔ ወይፈኖች ሲወፍሩ ሐጂ መጣ፣ ሽጥልኝ አለ። እኔ 'ገና ይጨምራሉ' አልኩ። አፌ ስለ ጋዳ ያወራል፣ ልቤ ወይፈኑን ያያል። አሁን ሁሉም ሞቱ፣ ቆዳቸውን ሸጥኩ። አንተ ከእኔ ካልተማርክ እኔ በከንቱ ደኸየሁ።»

አባቴ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«እውነት ነው የምትሉት። ግን እኔ ሠራዊት ሲበተን ዓይቻለሁ። የማይፈርስ የመሰለኝ ሁሉ በአንድ ሳምንት ፈረሰ። ከዚያ ሁሉ በእጄ የቀረው ብረት መጠገን ነው። ይህንን ልቀቅ አትበሉኝ፤ አልችልም።» ቀና ብሎ ወደ ሞተሩ አቅጣጫ አየ፤ ያለሁበትን ያውቅ ነበር። «ሽማግሌ ግን ባዶ እጁን አይመለስም። ልጅቷን ወስዳችሁ መኪና ላይ አውጡልኝ። አዋሳ ትግባ። እዚህ እኔ እቀመጣለሁ።»

በማግሥቱ ጥዋት እትዬና እኔ ከእህል ጫኝ መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀመጥን። አባቴ ዱቄት ለብሶ ደጅ ቆሞ ነበር። ልስመው ስወርድ «ሂጂ፣ ሰልፉ ይጠብቀኛል» አለኝ። ደስታዬን የት እንደማደርገው አላወቅኩም። ዳዋን ስንሻገር እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣች።

ሐጂ እንደ ቃላቸው አዲስ ወፍጮ ከጎናችን ተከሉ። ሌሎቹም ተከሉ። ሰልፉ በየደጁ ተከፋፈለ፣ የማስፈጫ ዋጋ ወደቀ፣ ዝናቡም መጣ። የነገሌውን ወፍጮ እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ አሠራችው፤ አሬሮ ወርዳ ከአባቴ ጋር የምትገናኘው ግን ለበዓል ብቻ ነበር። እኔ መምህርት ሆንኩ፣ አገባሁ፣ የባሌ ሥራ እዚህ ቀይ አፈር ድረስ አመጣን።

አባቴ አሁን ሰማንያን አልፏል፤ ዛሬም አሬሮ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እደውልለታለሁ። ባለፈው ሳምንት ድምፁ ደስ ይል ነበር።

«ዘንቧል አባዬ?»

«ዘንቧል! ምድሩ ምን መስሏል መሰለሽ። ሰው ወተት ጠግቧል።»

«ወፍጮውስ?»

«ቆሟል። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ከልቡ ነው ያመሰገነው። ወደ እኔ እንዲመጣ ስለምነው ግን መልሱ ያው ነው፤ ለማን ጥዬው፣ ይለኛል። እኔ ከዚያ ቤት የወጣሁት በሩ ተከፍቶ አይደለም። አንድ ሰው ቦታዬን ስለያዘ ነው። ስለ ዝናብ መጸለይ እንደገና ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ማታ ማታ አንድ ቃል እጨምርበታለሁ፤ የንስሐ አባቴ ቢሰሙኝ ይስቁ ይሆናል፦ ጌታ ሆይ፣ ዝናቡን ስጣቸው፤ በዝናብ ወራት ወፍጮ የሚገዛ አንድ ሞኝ ሰውም አብረህ ስጥ።